«የጠፈር ጀልባ» ክፍል ሁለት፣ ለሁለተኛ ጊዜ

«ይሄኛው ደግሞ ማነው?» አሉ አዳዳ ዓባይነሽ፣ ድምፃቸውን ለመቀነስ እንኳ ሳይሞክሩ።

«መሐንዲሱ ነው አዳዳ። ቅድም ነግሬዎታለሁ እኮ።»

«ቅድም ኮፍያ አልነበረውም።»

ከፊት ወንበር አንድ ሰው «እሽሽ!» አለ። ድርቤ አንገቷን ቀበረች። ያረረችበትን ፊልም ደግማ ማየቷ ሳያንስ፣ ከሸራው ግርጌ የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለአባቷ እህት በኦሮምኛ መተርጎም ነበረባት። አዳዳ ከአንገር ጉቲን ለሕክምና ነቀምት ከመጡ ሳምንታቸው ነው፤ ፊልም አይተው አያውቁም። አባቷ «ይዘሻቸው ሂጂ» ካለ ደግሞ አለቀ።

ባለፈው ዓመት ክፍል አንድ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር መጥቶ ሲታይ ተማሪው ሁሉ አብዶ ነበር። አዛዧ ሴትዮ ብቻዋን ሦስት የጠላት መርከብ አመድ ስታደርግ ድርቤ ወንበር ላይ ቆማ አጨብጭባለች። ክፍል ሁለትን ዓመት ሙሉ ጠብቃ ምን አገኘች? አራት ሰዎች የተበላሸች ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ቧንቧ ሲጠግኑና ሲጨቃጨቁ!

ጨጓራዋ ቢላጥ፣ ለትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ «ሁለት ሰዓቴን መልሱልኝ» የሚል ጽሑፍ ጻፈች። የጋዜጣው ክበብ ኃላፊ መምህር መሸሻ እንባቸው እስኪወርድ ስቀው፣ ሰኞ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ለተማሪው እንድታነበው አዘዟት። በተለይ የወደዷት መስመር «በዚህ ፊልም ያለቀሰ ካለ፣ ሽንኩርት ይዞ የገባ ፋራ ነው» የምትለዋ ነች።

ችግሩ፣ ከጎኗ ተቀምጣ ያለቀሰችው የዴስክ ጓደኛዋ ወሰኔ ነበረች። ጽሑፉን አንብባ፣ አጣጥፋ መለሰችላት፤ ከሐሙስ ጀምሮ ሌላ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው። ቀልድ እኮ ነው! ይሄ ምን ያስኮርፋል?

«ይሄ ሰው ነው ወይስ ጄሪካን?» አሉ አዳዳ፣ ፊልሙ ውስጥ ያለውን የብረት ሰውዬ በጣታቸው እያሳዩ። ድርቤ ሳታስበው ሳቀች። በእርግጥም ጄሪካን ነው የሚመስለው።

«አሁን ለምን ተጣሉ?»

ድርቤ ጽሑፉን አነበበች። «አየሩ ለሦስት ሰው ብቻ ነው አሉ የሚበቃው።»

«እነሱ ግን አራት ናቸው።»

ድርቤ መጀመሪያ ስታየው ውጊያው መቼ ይጀምራል እያለች ይህን ጭራሽ አላነበበችውም።

«ምን አለ? ንገሪኝ እንጂ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ!»

«መሐንዲሱ... ‹እናንተ ቅደሙ፤ ቧንቧውን አጥብቄ እደርስባችኋለሁ› አለ።»

በኦሮምኛ ስትለው ቃሉ ከአፏ ከብዶ ወጣ። በመጀመሪያው ቀን እዚህ ላይ «በቃ ጨርሱና እንውጣ!» እያለች ወሰኔን በክርኗ ትጎሽም ነበር። የወሰኔ ወንድም ዋጋሪ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ዓመት ሊሞላው ነው። ከአምስት ወር ወዲህ ደብዳቤ የለም።

«አይደርስባቸውም፣ አይደል?» አሉ አዳዳ፣ አሁን በሹክሹክታ።

«አይደርስም።»

«እነሱስ ያውቃሉ?»

ድርቤ የአዛዧን ፊት አየች። «ያውቃሉ መሰለኝ።»

መጨረሻ ላይ የመጣው ውጊያ አሁንም ያበሽቃል፤ መርከቦቹ የተንጠለጠሉበት ክር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አዳዳ ግን ሲወጡ «ጥሩ ነው» አሉ።

«ጥሩ አይደለም!» አለች ድርቤ ተናዳ። በማን እንደተናደደች ግን አላወቀችም።

ሰኞ ጠዋት መምህር መሸሻ ስሟን ጠሩ። ወረቀቷን እንደያዘች ወጥታ ጠጋ አለቻቸው።

«ጋሼ፣ አላነበውም። ፊልሙን በደንብ ሳላየው ነው የጻፍኩት።»

«አሁን ነው የምትነግሪኝ? ይሄን ሁሉ ተማሪ አስቁሜ?» ፊታቸው ጠቆረ። «ወደ ሰልፍሽ!»

በሰልፉ መካከል የተሳቀባት እሷው ሆነች። በእረፍት ሰዓት ወሰኔን ከክፍሉ ጀርባ አገኘቻት።

«ያችን የሽንኩርት ነገር መጻፍ አልነበረብኝም» አለቻት። «ያለቀስሽው መሐንዲሱ ‹እደርስባችኋለሁ› ሲል ነው አይደል?»

ወሰኔ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም። ከዚያ በኋላ ነው፤ ሊበሉ ሲሉ። አዛዧ አራት ሳህን አወጣች።»

«አራት?»

«አላየሽም? አንዱን መልሳ አስቀመጠችው።» ወሰኔ ወደ ሜዳው ዞረች። «እማዬም እንደዚያ ነው የምታደርገው።»

ድርቤ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ፣ ሁለት ጊዜ ተነጫንጫ፣ አራተኛው ሳህን አምልጧታል!

«ፊልሙ እስከ መቼ ነው የሚታየው?» አለች።

«እስከ ረቡዕ።»

«አቦ! ያ ጄሪካን ሦስተኛ ጊዜ?» በረጅሙ ተነፈሰች። «እሺ። ነገ ከትምህርት በኋላ አብረን እንግባ።»

ወሰኔ አልሳቀችም። «ከጎኔ ተቀምጠሽ ግን አታወሪም።»

«አላወራም» አለች ድርቤ።