የአቶ ሰይፈ አባት ፎቶዎች

አቶ ሰይፈ በአዳራሹ ጓዳ በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማጅራታቸውን የመታቸው የገዛ አባታቸው የካሜራ መቆሚያ ነበር። ዘበኛው ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ ሲያቀብላቸው በሕይወት ነበሩ። ሰዉ ካምፓላ፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰበው ስለ ጥንት ፎቶግራፍ ዊኪፔዲያ ላይ ሊጽፍ ነው፤ ለበጎ ሥራ፣ ይሁን እንግዲህ። ወጪ ገቢው በዝቶ ማን የት እንደነበር የሚያስታውስ ጠፋ።

ገንዘቤ ደሟ ፈልቷል። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ወንጀል መርምራ ካምፓላ ምግብ ቤት ከከፈተች ጀምሮ ሰይፈ እንደ ወንድሟ ነበሩ። አሁን ኢንስፔክተሩ የሟቹን ልጅ ነጻነትን በካቴና አስሯት ሊወስዳት ነው።

«ጠዋት ከአባትሽ ጋር ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለቻት።

«የአያቴን ፎቶዎች ለመሳይ አትስጠው አልኩት። ደሙ አባዬን ሳነሳው ነው የነካኝ፣ እትዬ።»

የዝግጅቱ አስተባባሪ መሳይ ላፕቶፑን ለኢንስፔክተሩ አዞረለት። «እኔ እየጻፍኩ ነበር። ማን መቼ እንደጻፈ የሚመዘግበው የገጹ ታሪክ ይመስክር፤ በፈረንጅ ሰዓት 9፡05፣ 9፡11፣ 9፡24 ይላል፤ ልክ እሳቸው በሞቱበት ግማሽ ሰዓት።»

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ገንዘቤ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። «ሙህሲናዬ፣» አለች አጠገቧ ለተቀመጠችው ተማሪ፣ «እስቲ ገጹ ላይ አንዲት ፊደል አርሚ። ስልክሽ ስንት ይላል?»

«17፡02።»

«የገጹ ታሪክስ?»

«14፡02። ገጹ ከካምፓላ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው። መሳይ ራሱ ነው ያስተማረን።»

«ኢንስፔክተር፣ እንግዲያው 9፡05 ያለው እዚህ 12፡05 ነው፣ ቀትር። ሰይፈ የሞተው በእኛ ከሦስት እስከ ሦስት ተኩል፣ በገጹ አቆጣጠር ከ6፡00 እስከ 6፡30 ባለው ጊዜ ነው። ነጻነት በየሁለት ደቂቃው እስከ 6፡28 ስትጽፍ ነበር። የዚህ ሰውዬ ስም ግን በዚያ ግማሽ ሰዓት የለም።» ወደ መሳይ ዞረች። «ዓይንህን በጨው አጥበህ የቀትሩን ለጠዋት ሸጥክልን። እኛ ሬሳ ስናወጣ አንተ ምን ትጽፍ ነበር? አንብቢው፣ ሙህሲና።»

ሙህሲና ከስልኳ አነበበች። «አርባ ሁለት ፎቶ ላይ ‹ፎቶ አንሺ፦ ተፈራ› የሚለውን የአቶ ሰይፈን አባት ስም ሰርዞ የራሱን አያት ስም አስገብቷል።»

«አያቴ የተፈራ ረዳት ነበር» አለ መሳይ። «ፎቶ የሚነሳበትን መስታወት ሲሸከም ኖሮ ስሙ የትም የለም። ይግባልኝ ብዬ ሰይፈን ለመንኩት፤ ሽማግሌው ሳቀብኝ።»

«ስለሳቀ ገደልከው?» አለችው ገንዘቤ።

ኢንስፔክተሩ ካቴናውን ከነጻነት እጅ አውልቆ ለመሳይ አጠለቀለት። ገንዘቤ ልጅቷን ደግፋ ልታስነሳት ሞከረች።

«ነይ፣ የኔ ልጅ፣ ቤት እንሂድ። ለቀብሩ ሰው እንጥራ።»

«ይሄን ሳልመልስ አልቀብረውም» አለች ነጻነት። ላፕቶፑን ወደ ራሷ ስባ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የአያቷን ስም መጻፍ ጀመረች።