የቀይ ቀበሮዋ ሁለት ዓይን

እኔ በቆሌም በዛርም አምኜ አላውቅም፣ ሰፈራችን ውስጥ "በቀትር በዚያ ዛፍ ሥር አትለፍ" ሲባል ሆን ብዬ በቀትር የማልፍ፣ አልፌም ጥላው ሥር ተጋድሜ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም፣ እኔው ራሴ እስከ ዛሬ እያወጣሁ እያወረድኩ የማስበው ነገር ስለሆነብኝ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጋሽ ደምሴ ነው። ጋሽ ደምሴ መሐል ሜዳ ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ሰፈሩን ሁሉ ሱሪ ያስታጠቁ ሰው ናቸው፣ ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ግን አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሸራ እንዲገጣጥሙለት አመጣላቸው፣ ሰፍተው ሊያደርሱ ሄደው እዚያው ቀለም ሲበጠብጡ ዋሉ፣ በማግስቱም ሄዱ፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናው አቧራ ጠጣ። ቅዱሳኑን ለባለሙያው ትተው እሳቸው አውሬ መሳል ያዙ፣ ጭላዳ፣ ጥንቸል፣ ጅብ፣ ያገኙትን ሁሉ።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ፣ ሰው በስተርጅናው ልጅ ይድራል እንጂ ዝንጀሮ ይስላል ወይ እያሉ ብዙ ታገሡ። ትዕግሥታቸው ያለቀው ጎረቤት መጥቶ ጅቡን አይቶ "አህያችሁ እንዴት ከሳች" ያለ ቀን ነው። ያን ቀን ፈረዱ፦ የሚቀጥለውን ሥዕል ጎረቤቱ ሳይነገረው ካላወቀው፣ ብሩሹ ምድጃ ይገባል፣ መኪናው በረንዳ ይወጣል። ጋሽ ደምሴ እሺ ብለው ከበላያችን ካለው ደጋ፣ ከጓሳ፣ ቀይ ቀበሮን መረጡ፣ እኔን ደግሞ ሸራ ተሸካሚ አደረጉኝ።

ያን ሰሞን የጓሳ ሣር ተዘግቶ ነበር፣ ሰውም ከብትም አይገባም፣ እኛም ፈቃድ ልንጠይቅ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዘንድ ቀረብን። ሰውየው ብዙ አሰቡና፣ ግቡ፣ አንበሳ ብቻ እንዳትስሉ፣ አንበሳ የወረደውን ዘውድ ያስታውሳል፣ ብለው አስጠነቀቁን፣ ጓሳ ላይ አንበሳ የለም ብለን ልናሳዝናቸው አልፈለግንም።

ጓሳ ደርሰን ብዙም ሳንቆይ ቀበሮዋን አየናት፣ ቀይ፣ ቀጭን፣ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ተገትራ በጎኗ ቆማለች። ጋሽ ደምሴ ተቀመጡ፣ ሸራቸውን አቆሙ፣ ግን አይስሉም።

"ይሳሏት እንጂ ጋሼ፣ ጎኗ ምን ሆነ?" አልኳቸው።

"አንተ ባለቅኔ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ግድግዳውን አታይም? በጎኑ፣ ባንድ ዓይኑ የሚሳል ማን ነው?"

አውቀዋለሁ፣ ማን ያጣዋል፣ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው ባንድ ዓይን የሚቀሩት።

"ምን አድርጋኝ ነው ከይሁዳ ጎን የማቆማት?" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ጋሽ ደምሴ አፏጩ፣ አጨበጨቡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ኋላም ልክ ሊወስዱላት እንደመጣች ደንበኛ "እስቲ ወዲህ ዞር በይ እመቤት" እያሉ ለመኗት፣ እሷ ግን ወይ ጎኗን ወይ ጭራዋን ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሸፈነን፣ ሰው የሚያካክሉት የጅባራ ተክሎች እንኳ ጠፉ፣ እኔም ተስፋ ቆርጬ ከሳቸው ኋላ ካለ ድንጋይ ተጠግቼ በርኖሴን ተከናነብኩና ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

እመኑኝ፣ አልተኛሁም። መጀመሪያ የሰማሁት እርጥብ ሣር ሲረገጥ ነው፣ ቀስ ያለ፣ የሁለት እግር እርምጃ። ቀጥሎ ብሩሹ ሸራውን ሲፍቅ። ቀጥሎ የጋሽ ደምሴ ድምፅ፣ "እንዲያ… አገጯን ቀና አርግልኝ… በቃ፣ እንዳትለቃት።" ለኔ መስሎኝ ምን አሉኝ ጋሼ አልኩ፣ አልመለሱልኝም፣ ከራሳቸው ጋር የሚያወሩ መስሎኝ ሳቅ እንኳ ይዞኝ ነበር፣ ግን ከሳቸው ወዲያ ሌላ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል።

ጉሙ ሲገፈፍ ጋሽ ደምሴ ብድግ ብለው አቀፉኝ። ሸራው ላይ ቀበሮዋ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኗ ታየኛለች፣ ቆንጆ፣ ሕያው፣ ከአገጯ ሥር ደግሞ የሚደግፋት የሰው እጅ አለ።

"እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ባትይዝልኝ ኖሮ ባዶ እጄን ነበር የምገባው።"

"እኔ ከድንጋዩ አልተነሣሁም ጋሼ።"

ሳቁብኝ። ተንበርክከህ፣ በርኖስህን ተከናንበህ፣ በዓይኔ አይቼህ፣ አሉኝ። የተሳለው እጅ ግን አንጓው ያበጠ የሽማግሌ እጅ ነው፣ የኔን አጠገቡ አድርጌ ባሳያቸው፣ ብርድ ነው ያኔ ያሳበጠው ብለው ዘጉኝ። ቀበሮዋ ወደነበረችበት ሄድኩ፣ ሣሩ አንድ ቦታ ላይ እሷን አክሎ ተኝቷል፣ አጠገቡ የሁለት ጉልበት ምልክት አለ፣ በእጄ ብነካው፣ በዚያ ውርጭ፣ ይሞቃል። ልነግራቸው ዞር ስል ሸራቸውን አቅፈው እንደ ሕፃን እሹሩሩ ሲሉት አየሁና ቀለሙን መሰብሰብ ያዝኩ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤትየው ገና ከደጃፍ "ይቺ የጓሳዋ ቀበሮ አይደለችም?" አለ፣ ፍርዱ ተነሣ። እትዬ አስካለ ሥዕሉን ቆመው አዩት፣ እጁ የማን ነው ብለው ጠየቁ፣ ጋሽ ደምሴ ወደኔ ጠቆሙ፣ እትዬ የኔን እጅ አዩ፣ የሥዕሉን አዩ፣ ከዚያ ጠላውን ከሁሉ አስቀድመው ለኔ ቀዱልኝ። የስፌት መኪናው ለእህታቸው ልጅ ተሰጠ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ጓሳ አልወጣሁም፣ ዛሬ ጥናት፣ ነገ ስብሰባ እያልኩ እቀራለሁ። ጋሽ ደምሴ ግን ብቻቸውን እየወጡ ፊት ለፊት የሚያዩ አውሬዎች ይዘው ይወርዳሉ፣ ከደብረ ብርሃን ድረስ ሥዕሎቹን የሚያይ ሰው ይመጣል፣ እንደዚህ ዘመን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት እኔም ደብረ ብርሃን ሰንብቼ ስመለስ ገና ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ጋሽ ደምሴ ገበያ መሐል ያዙኝ።

"ትናንት ስለመጣህልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጭልፊቱን አሳምረህ ያዝክልኝ" አሉኝ፣ "ያች ያነበብክልኝ ግጥምማ፣ ስለ አውቶቡስ መስኮት ያለችው፣ ሌሊቱን ስደግማት አደርኩ። መጨረሻዋ ስንኝ ብቻ ጠፋችብኝ፣ እንዴት ነበር ያልካት?"

ግጥሟን የጀመርኳት ስሄድ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ በልቤ ነው፣ ወረቀት ላይ እንኳ አላሰፈርኳትም፣ መጨረሻዋን ገና አላገኘኋትም። እኔ አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ፣ ግን በብብታቸው የያዙትን አዲስ ሸራ አየሁ፣ እኔ አይደለሁም ብላቸው ከነገ ጀምሮ ማን ፊት ነው የሚቀመጡት?

"እኔም ረሳኋት ጋሼ" አልኩ።

"ግድ የለም" አሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣ "ነገ ስንገናኝ ትነግረኛለህ።"