የነሲባ ቀኝ እጅ

ሳሊሕ ከወልድያ ላሊበላ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ጨዋታ የሚወድ ወጣት ነበር። ያን ቀን ጋቢና የተቀመጠችው ልጅ ግን ጨዋታውን ሁሉ አስረሳችው። ዲልብን ወጥተው ብርዱ ሲጀምር ከዘንቢሏ ትንንሽ የላስቲክ ጥቅልሎች አወጣችና በፎጣዋ ሸፍና ደረቷ ላይ አቀፈቻቸው።

«ምንድን ነው እንዲህ የምትሳሺለት?» አላት።

«ሂና ነው። ብርድ ከነካው ቀለሙ ይደክማል።» ጥቅልሎቹን ጠበቅ አድርጋ እያቀፈች፣ «እባክህ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው።

ለሂናው የፈራች መስሎት ቀስ አለ። ኩልመስክን አልፈው አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ገነተ ማርያም እስኪደርሱም ቃል አልወጣትም።

«የት ላውርድሽ?» አላት ላሊበላ ሲገቡ።

«ቶይባ የምትባል ሙሽራ ቤት። እጇን ልሠራላት ነው።»

ሳሊሕ ከት ብሎ ሳቀ። «ቶይባማ እህቴ ናት! ወላሂ፣ ባውቅ ኖሮ ከደጅሽ ነበር መጥቼ የማነሳሽ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ስሟ ነሲባ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሙሽራዋን ከበው ተቀመጡ። መብራት ጠፍቷል፤ ክፍሏ ደግሞ ያላት አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ነው። ባትሪ ያለው የሳሊሕ ስልክ ብቻ ሆነና «ና፣ አብራልን!» ተብሎ ገባ።

ያን ቀን ያየውን በኋላ ለጓደኞቹ ሊነግር ብዙ ሞክሯል፤ አልተሳካለትም። ነሲባ የእህቱን መዳፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የላስቲኩን ጫፍ በመቀስ ነካ አደረገችና ከመሃል ጀመረች። መጀመሪያ አንዲት ነጥብ፤ በነጥቧ ዙሪያ ቅጠል፤ ከቅጠሉ ቀጭን ሐረግ ወጥቶ በአውራ ጣቷ ሥር ዞረና አንጓዋ ላይ እንደ አምባር ታሰረ። ነሲባ ረጅም መስመር ስትስብ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሴቶቹም አብረዋት ይይዛሉ። መስመሩ ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ላይ ይተነፍሳሉ። ከጠዋት ጀምሮ ስትቁነጠነጥ የዋለችው ቶይባ እጇን እያየች ረጋች።

«ይህቺ እኔ ነኝ?» አለች በሹክሹክታ።

«አንቺው ነሽ እንጂ። እኔ ቀለም ብቻ ነው የጨመርኩት» አለቻት ነሲባ።

በዚህ መሃል ብርሃኑ ፈቀቅ አለ። ነሲባ ቀና ብላ ሳሊሕን አየችው።

«እጅህ ደከመ?»

«ኧረ አልደከመም።»

«ታዲያ ብርሃኑ ለምን ወደ እኔ ፊት ይመጣል?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። የሳሊሕ ጆሮ ጋለ። ነሲባ ቶሎ አንገቷን ደፋች፤ ከንፈሯ ላይ የቀረው ፈገግታ ግን አላመለጠውም።

ከዚያ ሠርግ ወዲህ የነሲባ ስም ላሊበላ ላይ ተሰማ። እንሶስላ እየሞቁ ያደጉት የክርስቲያን ልጃገረዶች ሳይቀሩ «ለእኔም!» ይሏት ጀመር። በተጠራች ቁጥር የሳሊሕ ጋቢና ተቀምጣ ትመጣለች፤ አክስቷ ቤት ታድርና ከእሱ ጋር ትመለሳለች። መንገዱ አጠረባቸው። አንድ ቀን ሳሊሕ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ነሲባ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት።

ወደ እሱ ዞረች። «ላክ። እኔ እሺ ብያለሁ። አባዬ ግን እሺ የሚል አይመስለኝም።»

እንዳለችውም ሆነ። አባቷ አቶ አራጋው ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉና፣ «ልጁ ጨዋ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ልጄን ግን ለሾፌር አልሰጥም» አሉ። ልጃቸው፣ የነሲባ ወንድም ሂሻም፣ የሞተው በፍጥነት ሲከንፍ በተገለበጠ መኪና ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም።

ሳሊሕ ይህን ሲሰማ ልቡ ተሰበረ። «መሪውን እተዋለሁ። ሱቅ ልክፈት» አላት።

«ተው» አለችው። «የምትወደውን ሥራ ጥለህ ዕድሜህን ሙሉ ብታኩርፍ ምን ይበጀኛል? እኔም ሂናዬን ተዪ ብትለኝ አልተውም። አባዬ እንዲያውቅህ ነው የምፈልገው።»

«በእግራቸው የሚሄዱ ሰው የት ይወቁኝ?»

ነሲባ አባቷን ላለማስከፋት በሌላ መኪና መሄድ ጀመረች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ላሊበላ ያለችው አክስቷ በጠና ታመመችና «ወንድሜን አሳዩኝ» አለች። በእግር ቢነሱ እንደማይደርሱባት የገባቸው አቶ አራጋው በረንዳው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ነሲባ ስልኳን አነሳች። «ሳሊሕ፣ ድረስልን።»

ባዶ መኪናውን ይዞ መጣ። አዛውንቱ ከነሲባ ጋር ከኋላ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳሊሕ ዘፈን አልከፈተም፤ ወሬም አልጀመረም። ከኩልመስክ ወዲያ ያ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ዳር ይዞ ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ በራቸውን ከፈተ።

«ምን ሆነ?» አሉ ደንግጠው።

«ምንም አልሆነም አባቴ። እዚህ ዱዓ ማድረግ ቢፈልጉ ብዬ ነው።»

«ቦታውን ማን ነገረህ? ነሲባ ናት?»

«አልነገረችኝም። እዚህ ስንደርስ ሁልጊዜ ዝም ትላለች። የሂሻምን ነገር ስሰማ ገባኝ።»

አቶ አራጋው ወርደው ከገደሉ አፋፍ እጃቸውን ዘረጉ። ነሲባ አጠገባቸው ቆመች፤ ሳሊሕ ግን ራቅ አለ።

«ቅረብ» አሉት ሳይዞሩ። ቀረበና አብሯቸው «አሚን» አለ።

ከዱዓው በኋላ አቶ አራጋው ጋቢና ወጥተው ተቀመጡ። አክስትየዋ ወንድሟን አየች፤ ቀስ በቀስም አገገመች። አቶ አራጋው ወደ ወልድያ ሲመለሱ ከመኪናው ከመውረዳቸው በፊት የሳሊሕን ትከሻ ያዙ።

«ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው» አሉት። «አሁን የምላቸው አለኝ።»

በሠርጉ ዕለት ያልታሰበ ችግር መጣ። የነሲባን እጅ ለመሥራት የሚደፍር ጠፋ። ቶይባ ላስቲኩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «የአንቺን እጅ? ኧረ አልችልም!» ነሲባ ግራ እጇን ራሷ ሠራችው፤ ቀኙን ባዶውን ተወችው።

ኒካው ታስሮ ሳሊሕ ሊወስዳት ሲገባ እጇን ዘረጋችለት። «ይህን ለአንተ ነው ያቆየሁት። ሞክር።»

መሪ የለመደው ትልቅ እጁ ላስቲኩን ጨበጠ። ቅጠል ሊሥል አስቦ ዓሣ የሚመስል ነገር ወጣው። ሁለተኛው ደግሞ ባሰ። ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ፤ ቶይባ «በአላህ፣ ይጠረግ!» ብላ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ብድግ አለች።

ነሲባ እጇን ሰበሰበች። «ማንም እንዳይነካብኝ» አለች። ቀለሙ ደህና አድርጎ እስኪይዝም አልነሳ ብላ፣ ሙሽራውንም አጃቢውንም አስጠብቃ ተቀመጠች።