ቢጫዋ ስትቆም

የዘምዘም ይማም ብስክሌት ጠዋት ጠዋት መነጫነጭ ትወዳለች። ጎማዬ ቀዝቅዟል፣ ኮርቻዬ ጠል ይዟል፣ ደግሞ ያሳደራችሁኝ ወሬ ከማትጠግብ ብስክሌት አጠገብ ነው... ብቻ ሰበብ አታጣም። የሚያስቡ ብስክሌቶች ከመጡ ወዲህ የተወለደ ጋላቢ ይህን ሁሉ እንደ ዶሮ ጩኸት ለምዶታል። የውድድሩ መጨረሻ ቀን ጠዋት፣ ኮምቦልቻ ላይ፣ ዘምዘም መሪውን ስትጨብጥ ግን ብስክሌቷ ከመዳፏ የደም ምቷን ለቀመችና ዝም አለች።

«ምነው፣ ምላስሽን ማን ወሰደው?»

«አትናገሪ ብለሽኝ የለ!» አለች ብስክሌቷ በመሪው በኩል።

እውነቷን ነው። ውድድሩ የተጀመረ ዕለት ያዘዘቻት ራሷ ዘምዘም ናት፤ ስለ እግሬ፣ ስለ ሳንባዬ፣ ስለ ልቤ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ፣ ለእኔም ለማንም ብላ። ብዙ ጋላቢ እንዲህ ያደርጋል። ደክሞሻል፣ ደክሞሻል የሚል ብረት ላይ ተቀምጦ ተራራ መውጣት የሚፈልግ ማን አለ? ብስክሌቶች ደግሞ የጋላቢያቸውን የገላ ምስጢር ያለ ፈቃድ እንዳያወጡ በሕግ የታሰሩ ናቸው።

ለዘምዘም ይህ የመጨረሻ ውድድሯ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጋልባ አንድ ቀን እንኳ የመሪነቱን ቢጫ ማሊያ ለብሳ አታውቅም። ለሌሎች ውሃ አመላልሳለች፣ ንፋስ ከልላለች፣ ሌሎች ሲሸለሙ ከጎን ቆማ አጨብጭባለች። ዘንድሮ ግን ከቢጫዋ የምትለያት ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ የምታልፍ ጊዜ ናት። መንገዱም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ እሷ የተወለደችባትን ደሴን አቋርጦ፣ ሐይቅ ከተማ ያበቃል። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይለምናል!

ታዲያ ሌሊቱን ለምን ስትገላበጥ አደረች? በለተብርሃን ምክንያት ነዋ።

ቢጫዋን የለበሰችው ለተብርሃን ረጅም፣ ፊቷ ላይ ምንም የማይነበብ የመቀሌ ልጅ ናት። ከትናንት ወዲያ፣ ከሚሴን አልፈው ዳገት ሲጀምሩ፣ ዘምዘም ከኮርቻዋ ብድግ ብላ ልትፈተለክ ስትል የለተብርሃን ብስክሌት ቀጥ አለች። ጎማው አልዞርም፣ ፔዳሉም አልረገጥም አለ። ቢጫዋ በብልሽት ስትቆም ደግሞ ማንም ጥሏት አይሄድም። ይህ በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም፤ የሚቀጣበት ዳኛም የለም። ጋላቢ ከጋላቢ እየተቀበለ ያቆየው ሕግ ነው። ቢጫዋ ስትቆም ይቆማል። ሰው ሊሸና ሲወርድ አይሮጥበትም። የትውልድ ቀዬው ሲደረስ የአገሩ ልጅ ቀድሞ ገብቶ ቤተሰቡን ይስማል። ስለዚህ ፔሎቶኑ፣ ማለት ተጠቅጥቆ አብሮ የሚጋልበው መንጋ፣ እግሩን መሬት አውርዶ ጠበቃት። ከዚያ ብስክሌቷ ማንም ሳይነካት ዳነችና ተነሣች።

ትናንትም ያው ነው። ዘምዘም ብድግ፣ ቢጫዋ ቀጥ! ከውድድሩ በኋላ የዳኞቹ መካኒክ ብስክሌቷን ፈታትቶ ገጣጥሞ «እንኳን ብልሽት ጭረት የለባትም» አለ። ዘምዘም ይህን ሰማች። ጤነኛ ብስክሌት እሷ ልትፈተለክ ስትል ብቻ የምትታመም ከሆነ ይሄ ምን ይባላል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

«ጋሽ ሙሄ፣ ልጅቷ እየተጫወተችብኝ ነው፤» አለቻቸው አሰልጣኟን። ጋሽ ሙሄ በወጣትነታቸው የጋለቡ፣ ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ናቸው።

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«በዓይኔ ባላይም ልቤ ነግሮኛል።»

«ልብሽ የነገረሽን ዳኛ አይቀበለውም። ይልቅ ስሚኝ። ያቺ ጥሩዬ ትዝ ትልሻለች? ቢጫዋ ወድቃ ሳለ ጥላት ሄዳ ያሸነፈችው?»

«አሸነፈች እኮ! ምን ሆነች?»

«አዎ፣ አሸነፈች። ከዚያ ወዲህ ግን ውሃ ያቀበላት የለም፤ ንፋስ የከለለላትም የለም። ዋንጫዋን አቅፋ ብቻዋን ቀረች፣ የኔ ልጅ።»

ለዘምዘም ከዛሬ ወዲያ የሚባል ውድድር የለም፤ ውሃ ባያቀብሏት ምን ይጎድልባታል? ለሦስተኛ ጊዜ ቢጫዋ ከቆመች እሷ እንደማትቆም በልቧ ቆረጠች። ቁርጡን ስታውቅም ቀለል አላት።

የሐረጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይነሣል። ከላይ ያለው ኩርባ ላይ የቆመ ሰው ከታች ያለውን ኩርባ እንደ ቤቱ ደጃፍ ያየዋል። ዳገቱ ሲጀመር በዘምዘም መሪ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ትል ጀመር። የነፋስ ወሬ ነው። ጋላቢዎች የሚሉት እንዲህ ነው፤ ብስክሌቶቹ እንዳይጋጩ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ድምፅ የሌለው ምልክት ነው። ፍሬን ልይዝ ነው፣ ጉድጓድ አለ፣ ጋላቢዬ ልትወድቅብኝ ትችላለች፤ ይኸው ነው ወሬያቸው። ሌላ ጊዜ አንዴ ብልጭ ብላ የምትጠፋው መብራት ዛሬ ግን ማቆሚያ የላትም።

«ምን እየተንሾካሾካችሁ ነው?»

«የመንገድ ነገር ነው፤» አለች ብስክሌቷ።

«ምን ያለ የመንገድ ነገር?»

መብራቷ ብቻ ብልጭ ብልጭ ማለቷን ቀጠለች። ወይ ጉድ! ይቺም ተደርባለች እንዴ? ዘምዘም አሁን የራሷን ኮርቻ እንኳ ማመን አቃታት። ከፊቷ የለተብርሃን ቢጫ ጀርባ ወዲያና ወዲህ ይላል። ትከሻዋ አልዛለም፤ ወይ ደግሞ ያልዛለች እያስመሰለች ነው። ማን ያውቃል?

ዘምዘም ጥርሷን ነክሳ ብድግ አለችና ተፈተለከች። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተርገበገበ። ንዴት ነው ብላ አለፈችው።

ወዲያው ከኋላዋ «ቢጫዋ ቆመች! ቢጫዋ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ፍሬን በፍሬን ላይ ተንጫጫ። እሷ ግን አልቆመችም።

«ዘምዘም! ኧረ ነውር ነው!» አለ የአንዷ ድምፅ። ሌላዋ ስሟን ሳትጠራ ሰደበቻት። ከመኪና ሆነው የሚከተሏት ጋሽ ሙሄ በጆሮዋ ባለው ማዳመጫ «አንቺው ታውቂያለሽ» ብቻ ብለው ዘጉ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ኩርባውን ታጥፋ ወደ ታች ስታይ ፔሎቶኑ በሙሉ ቆሞ ወደ ላይ ይመለከታታል። ያን ያህል ሰው ቆሞ አንድ ሰው ብቻ ሲሄድ እንዴት ያስጠላል! ለተብርሃን ግን ወደ ላይ አላየችም። ብስክሌቷን በጫማዋ ትመታለች፣ ትጎትታለች፣ መልሳ ትመታለች። ከዚያ መሪው ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች ነው።

ሁሉም የሚያየው ዘምዘምን ሆኖ ሳለ፣ ተዋናይ ብትሆን ለማን ብላ ታለቅሳለች?

ዘምዘም አላመነችም። እንደዚያው እያየችም አላመነችም። አሁን እንዲሁ ብትሄድ ግን ቢጫዋን ብታገኝም ነውሩ ለእሷ፣ እውነቱ ለለተብርሃን ሊቀር ነው። የለም፣ እጅ ከፍንጅ ነው የምይዛት፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እራሴ እነዳታለሁ፤ ስትሄድልኝ ሁሉም ያያል አለች። መሪውን አዙራ ቁልቁል ተመለሰች።

«ውረጂ!» አለች ስትደርስ።

«ወርጄ ነው ያለሁት፣ አይታይሽም?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እኔ ብድግ ስል ብቻ ነው የምትበላሸው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቃት!» ለተብርሃን ፊቷን በጓንቷ ጠረገች። «ሦስት ቀን ሙሉ በናንተ ዓይን ሌባ መስዬ ዋልኩ። ብጠይቃት ዝም! እንቺ፣ አንቺው ሞክሪያት!»

ብስክሌቷን ገፍታ ሰጠቻት። ዘምዘም ተቀመጠችና መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ብስክሌቷ መዳፏን አሰሰች። ከዚያ የማታውቀው፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ተናገራት።

«ዘምዘም ይማም፣ አሁን በእጅሽ ስላለሁ የራስሽን ነገር ለራስሽ መናገር እችላለሁ። ልብሽ ምቱን እየሳተ ነው። ብድግ ባልሽ ቁጥር ይዘላል፤ አንዳንዴ ቆም ብሎ ነው የሚነሣው። ይህን ዳገት እየሮጥሽ ብትወጪ አትጨርሺውም።»

ዘምዘም መሪውን ሳትለቅ ወደ ራሷ ብስክሌት ዞረች።

«እና... የኔዋን ለምን አታቆሟትም? የቆመችው ለተብርሃን እኮ ናት!»

«ያንቺን ብናቆማት ሌላ ትቀይሪያለሽ። ጥለውሽ የሄዱትን ለመድረስ ደግሞ ከበፊቱ ብሰሽ ትሮጫለሽ። አንቺ የምታርፊው ሁሉም ሲቆም ብቻ ነው። ሁሉም የሚቆመው ቢጫዋ ስትቆም ነው። ከሚሴ ላይም፣ ትናንትም፣ አሁንም ስናስጠብቅ የነበረው ለተብርሃንን አይደለም። አንቺን ነው።»

«ይሄን ማን አስተማራችሁ?»

«እናንተ ናችሁ። የተጻፈውን ደንባችሁን በየቀኑ ስትጥሱት እናያለን። ይቺን ያልተጻፈችዋን ግን ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ እሷን አመንን።»

«እኔ አሁን ጣስኳት እኮ።»

«ተመልሰሻል።»

ጥርጣሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ይቺ የባላጋራዋ ብስክሌት ናት! ታመሻል፣ ተቀመጪ ብትላት ለማን ይጠቅማል? ዘምዘም ዘላ ወረደችና የራሷን መሪ ያዘች።

«አንቺ! ፈቅጄልሻለሁ። ስለ ልቤ ተናገሪ!»

«ኧረ ተመስገን!» አለች ያቺ ነጭናጫ ብስክሌት። «ከሚሴ ላይ ጀምሮ ልነግርሽ ስቃጠል ነው የሰነበትኩት። እውነቷን ነው። ስትወድቂ መንጋው እንዳይነባበርብሽ ብዬ ለሌሎቹ ልትወድቅብኝ ነው አልኳቸው፤ እሱን መናገር አልተከለከልኩም። የቀረውን አብረን መከርን። አብሽሪ፣ ውረጂልኝ በቃ።»

የውድድሩ ሐኪም ሮጣ መጣች። ደረቷን በመሣሪያዋ አየች፤ ሁለት ጊዜ አየች። ከዚያ ዘምዘምን ክንዷን ይዛ መንገድ ዳር አስቀመጠቻት። «ልብሽ እረፍት እስካገኘ ይረጋጋል፤» አለች በመጨረሻ። «ደሴ ስንደርስ ሆስፒታል ትገቢያለሽ። ብስክሌቱ ግን አበቃ፣ የኔ እህት።»

ዘምዘም ከጀርባዋ ቁጥሯን ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ የለተብርሃን ብስክሌት ቀጭ አለችና ጎማዋ ተለቀቀ። ሁሉም ሰማው።

ለተብርሃን አልተንቀሳቀሰችም። «ልጠብቅሽ?» አለች፤ ምኑን እንደምትጠብቅ ራሷም ሳታውቀው።

«ያቋረጠን ማን ይጠብቃል? ሂጂ እንጂ!» አለች ዘምዘም። ቀጥላም ጎንበስ እንዳለች «አስቀይሜሻለሁ፤ ይቅር በይኝ፤» አለች። ለተብርሃን ጭንቅላቷን ዳበሰቻትና ሄደች።

በውድድሩ ደንብ ሰብሳቢዋ መኪና፣ ያቋረጡ ጋላቢዎችን የምታነሣዋ፣ ምንጊዜም ከሁሉ ኋላ ነው የምትሄደው። ይህ የተጻፈ ነው። ዘምዘም ብስክሌቷን ከአጠገቧ አጋድማ፣ ከጋሽ ሙሄና ከሐኪሟ ጋር እሷ ውስጥ ተቀመጠች። አለቀሰች፤ ግን አልወጣላትም። በሕይወት መትረፏን ታውቃለች፣ አላህን ታመሰግናለች፤ የቢጫዋ ነገር ግን እንደ እሳት ይፈጃታል። ደግሞ እናቷ ፒያሳ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቃታለች። ከመንጋው መሐል ልጇን ብታጣ ምን ልትሆን ነው?

ደሴ መግቢያ ላይ ፔሎቶኑ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ጭራሽ ማዝገም ጀመረ። ከፊት የለተብርሃን እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ታየ። ጋላቢዎቹ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ተከፈሉና መሐል ለመሐል መንገድ ለቀቁ። ወደ ኋላ ዞረው ሰብሳቢዋን መኪና ማየት ያዙ።

«እኔን ነው እንዴ እለፍ የሚሉኝ?» አለ ሾፌሩ። «ደንቡ ከኋላ ይላል፤ ያስቀጡኛል!»

«ንዳ አንተ ሰውዬ!» አሉ ጋሽ ሙሄ።

መኪናዋ በሁለቱ ረድፍ መሐል ገባች። ዘምዘም ግን አሁንም ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየቻቸው። ሦስት ቀን የተጠራጠረ ሰው በአንድ ሰዓት አይድንም።

«የናንተ ሥራ ነው አይደል?» አለቻት ብስክሌቷን። «ቆልፋችሁባቸው ነው።»

«የለም፤» አለች ብስክሌቷ። «ሁላችንም ክፍት ነን። ማንንም አልያዝንም።»

«ቁጥሬን ፈትቻለሁ፣ መኪና ውስጥ ነኝ። አሁን እኮ ጋላቢ አይደለሁም። ታዲያ ለምን ይጠብቁኛል?»

መሪው ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ብልጭ አለች፤ ከሌሎቹ ጋር እየተጠያየቁ ነው መሰለኝ።

«እንጃ፤» አለች ብስክሌቷ። «ይቺን ማናችንም አናውቃትም።»

ፒያሳ ላይ የዘምዘም እናት በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ ከብስክሌቶቹ መሐል ልጇን ትፈልግ ነበር። መኪናዋን አላየቻትም። ዘምዘም መስኮቱን እስከ ታች አወረደችና «እማ፣ እዚህ ነኝ!» ብላ ተጣራች። ከኋላ ቢጫዋን የለበሰችው ልጅ አንድ እግሯን መሬት አውርዳ፣ እናትና ልጅ ተሳስመው እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች።