አልበቃም፣ ይደገም

የመኪና መንዳት አስተማሪዋ ልጅ ፊት አይታ አታደላም። በእሷ በኩል ካለው ፍሬን ላይ እግሯ ስለማይጠፋ ተማሪዎቿ «ባለፍሬኗ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

እሱ ተማሪዋ ሆኖ መኪናዋ ውስጥ የገባ ዕለት ፍቅር በሁለቱም ሐሳብ አልነበረም። ሥራውን ስትጠይቀው ሆስፒታል ውስጥ የደም ፍሰት እንደሚለካ ነገራት፤ እሷም እስኪ መጀመሪያ ከመንገዱ ጠርዝ ያለህን ርቀት ለካ አለችው። እውነቷን ነው፤ ወደ ኋላ ሄዶ ሲያቆም ጎማው ጠርዙ ላይ ይወጣል።

«አልበቃም፣ ይደገም» ትለዋለች።

አንድ ቀን ላብ በላብ ሆኖ «ትንሽ እንኳ አታዝኚልኝም?» አላት።

«እኔ አዝኜ ባሳልፍህ መንገዱ ያዝንልሃል?»

ሰው በዚህ ይወዳል? እሱ ወደደ። እሷም ብትሆን የእሱን ሰዓት ከሁሉ መጨረሻ ማድረግ ጀምራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ተማሪ ስለማይጠብቅ ወሬያቸው አያልቅም።

እንጋባ ያላት ጊዜ ሁሌ የምትለብሰውን ረጅም እጅጌ ሰብስባ ግራ ክንዷን አሳየችው። ለኩላሊት እጥበት እንዲያመች ሁለት የደም ሥሮች በቀዶ ጥገና ተጋጥመዋል፤ ቆዳው ስር እንደተነሳ ሞተር ይነዝራል። እሱ የዕለት ሥራው ነውና አልደነገጠም። በሁለት ጣቱ ዳሰሰውና በየጠዋቱ እንዴት እንደምትፈትሸው አስተማራት። ደህና ሥር ይነዝራል እንጂ አይመታም አላት። በአውራ ጣት ደግሞ አይዳሰስም፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ሰውን ያታልላል።

ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ንዝረቱ ደክሟል፤ ሥሩ ሳይጠብ አልቀረም።

«ከንፈር የሚመጥልኝ ሞልቷል፤ እናቴ ብቻዋን ትበቃኛለች» አለችው። «አዝነህልኝ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ።»

አለመሆኑን ማለላት። መሐላ ግን አይለካም። መልሷን በይደር አቆየችው።

ሥሩ እውነትም ጠቦ ተገኘ። ሐኪሙ በቀጭን ቱቦ የሚነፋ ትንሽ ፊኛ አስገብቶ ሊያሰፋው ነው፤ የእሱ ሥራ ደግሞ ፊኛው በተነፋ ቁጥር ፍሰቱን ለክቶ መናገር ነው። ፍሰቱ ካነሰ ሥሩ ብዙ ሳይቆይ ይዘጋል፤ ለእጥበቱ አንገቷ ላይ ቱቦ ይገባል፤ መሪ መጨበጥም ይቀራል።

ፊኛው ሲነፋ ክንዷ የተሰነጠቀ መሰላት። ማደንዘዣ ተወግታለች፤ ቢሆንም እንባዋ ወረደ። ሐኪሙ ምስሉን አየ፤ ሥሩ ያማረ ይመስላል። ፍሰቱ ስንት እንደደረሰ ጠየቀ። እሷም ቀና ብላ ለኪውን አየችው። በቃ በለኝ የሚል ዓይን ነበር። እሱም እንባዋን አይቷል።

«አልበቃም» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ይደገም።»

ጠላችው። ፊኛው ዳግመኛ እስኪነፋ ድረስ ከልቧ ጠላችው። ሕመሙ መሃል ግን ቃሉን አወቀችው፤ የራሷ ቃል ነው። ከንፈር መጣጭ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ በቃ ይላት ነበር።

እንደገና ለካ፤ ደስ የሚል ቁጥር መጣ። ላለመሳሳት ብሎ ደግሞ ለካው፤ ያው ነው። ሐኪሙ አመስግኖት ጓንቱን አወለቀ፤ ነርሷም ክንዷን አሽጋ ወጣች።

ለኪው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ክንዷን ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ደነገጠ።

«ይመታል» አለ። «በኃይል ይመታል።»

«የኔ አይመታም፣ ይነዝራል። በምን ጣትህ ነው የያዝከኝ?»

ወደ እጁ አየ። በአውራ ጣቱ ነው።

«የሚመታው ያንተ ልብ ነው» አለችው።

አፍሮ እጁን ሊያነሳ ሲል በቀኝ እጇ ያዘችበት። ሲመታ አዳመጠችው። ይኼ መሐላ አይደለም፤ ይለካል።

«በቅቷል» አለችው።

ከዚያ በፊት ከባለፍሬኗ አፍ ይህን ቃል የሰማ ተማሪ የለም። ተጋቡ፤ እናቷም ከንፈር መምጠጡን ትተው እልል አሉ። መኪና ማቆሙ ግን እስከ ዛሬ ይደገማል።