ዓይን ያልተቀባለት ወታደር

በጥቅምት ማገባደጃ፣ የሙታን መታሰቢያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኢንስፔክተር ስታሜና እንደ ማንኛውም ቀን ተነሥታ ምድጃዋን አቀጣጠለች። ከማታ የተቀቀለውን የስንዴ ንፍሮ አጥልላ የተወቀጠ ለውዝና ስኳር ነሰነሰችበት፤ ሳህኑንም በነጭ ጨርቅ ቋጠረችው። ጥቁር ካፖርቷን ለበሰች። የግቢውን በር ቆለፈች፤ መቆለፉን ለማረጋገጥም ገፋ አደረገችው። በር መቆለፍ ድሮ የባሏ የፕሬድራግ ሥራ ነበር። ከዚያም መኪናዋን አስነሥታ ከቻቻክ ከተማ ወጣችና ባሏ ወደተቀበረበት መንደር፣ ወደ ጎርኒ ያሰን ነዳች።

ነፋሱ ከሌሊት ጀምሮ አላረፈም። የፕሪም ዛፎቹን ያንገላታል፤ ውሾቹም ያለ ምክንያት ይጮኻሉ።

በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጧፍ ማብሪያው ፊት ሰው ተሰልፏል። አሸዋ የተሞሉ ሁለት የብረት ትሪዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተቀምጠዋል፤ በላይኛው ለሕያዋን ጤና፣ በታችኛው ለሙታን ነፍስ ይበራል። ከስታሜና ፊት የመንደሩ ሊቀ መንበር ግቮዝደን ቆሟል፤ ሰባን የተሻገረ፣ ትከሻው ገና ያልጎበጠ ሽማግሌ ነው። ሁለት ጧፍ ታች ተከለ። አንዱን በላይኛው ተከለ። አራተኛውን ለኩሶ ወደ ላይኛው አሸዋ ሲሰነዝር ግን እጁ አየር ላይ ቀረ። ሰሙ ጣቱ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ እጁን ዝቅ አድርጎ ታች ተከለው።

ስታሜና «ይሄም ሰውዬ ዘንድሮ አንድ ሰው ሞቶበታል» ብላ አሰበችና የራሷን አንድ ጧፍ ታች ተክላ ወጣች።

ቅዳሴው አልቆ ሰዉ በቅጥሩ ውስጥ ንፍሮ ሲቃመስ የመንደሩ ፖሊስ ስሬተን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ ስታሜና! እግዜር ነው ያመጣሽ። ጋሽ ቪቶሚር ሞቶ ተገኘ!»

«የት?»

«ከመንገዱ ዳር፣ ከወታደሩ ከሚሉን ድንጋይ ሥር። ወደ መቃብር የሚሄዱ ሴቶች ናቸው ያገኙት። አይዞሽ፣ ገዳዩን ይዤዋለሁ።»

«መገደሉን በምን አወቅህ?»

ስሬተን ራሱን አከከ። «ገዳይ ከተያዘማ መገደሉ መች ይቀራል?»

በዚያ አገር በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሄዶ ላልተመለሰ ወታደር፣ ሬሳው ቤቱ ስላልገባ፣ ድንጋይ የሚቆምለት መቃብር ውስጥ ሳይሆን መንገድ ዳር ነው፤ መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ ስሙን አንብቦ እንዲያልፍ። በድንጋዩ ላይ ወታደሩ ከነጠመንጃው ይቀረጻል፤ ይቀባል። ዝናብና ፀሐይ ቀለሙን ሲበሉት በየመኸሩ የሚያድሰው ቪቶሚር ነበር። ሚስት አልነበረችውም። «አርባ ወታደር የማለብስ ሰው ሚስት በምን ላልብስ?» ይል ነበር።

አሁን በጀርባው ተንጋሎ ከድንጋዩ ሥር ተኝቷል። የራስ ቅሉ በኋላ በኩል ተፈንክቷል፤ ደሙም በድንጋዩ መሠረት ጠርዝ ላይ ደርቋል። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ቆቡ ተጣጥፎ ከራሱ ሥር ገብቷል። በቀኝ እጁ ነድዶ ያለቀ የጧፍ ቁራጭ አለ። ስታሜና ተንበርክካ እጁን አየች። ጣቶቹ ጧፉን አጥብቀው ጨብጠውታል፤ ሰሙም እስከ አንጓው ወርዶ ረግቷል።

ቀና ስትል የተቀረጸው ወታደር ከፊቷ ቆሟል። ሰማያዊ ልብሱ አዲስ ነው፤ ጉንጩ ቀልቷል። ዓይኖቹ ግን ባዶ ነጭ ናቸው። ከታች፣ የሞተበት ዓመት በሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ ነጭ ቀለም በጥድፊያ ተለቅልቋል።

«አየሽ፣ ትናንት ማታ ሥራ ላይ እያለ ነው» አለ ስሬተን። «ነቦይሻ ገፈተረው። የእኅቱ ልጅ። ትናንት በቀን በሰው ፊት 'ድንጋይህን በትራክተር እገለብጠዋለሁ' ሲለው ነበር።»

ነቦይሻ የፖሊስ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ራኪያ ራኪያ፣ የፕሪም አረቄ ይሸታል።

«ብያለሁ! አልክድም» አለ። «ድንጋዩ የፕሪም ማሳዬ መግቢያ ላይ ነው የቆመው፤ ትራክተሬ አይዞርም። በየዓመቱ እለዋለሁ። እሱም በየዓመቱ 'ሰክረሃል፣ ሂድ ተኛ' ይለኛል። እኔም ሄጄ እተኛለሁ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ሄጄ ተኛሁ።»

«ያየህ አለ?»

«እናቴ። እሷ ደግሞ አልጋ ላይ ከወደቀች ወዲህ መናገር አትችልም።» ወደ ቤቱ አየ። «እትዬ፣ እኔን ብትወስዱኝ እናቴን ማን ያገላብጣታል? ማን ያጎርሳታል? ያለን እኔና አጎቴ ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።»

«ከአጎትህ ጋር መጨረሻ ምን ተባባላችሁ?»

ነቦይሻ እያለቀሰ ሣቅ አለ። «'ለዚህ ምስኪን ዓይን አትቀባለትም?' አልኩት። 'ዓይን መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሜ ከቀባሁለት ሥራዬን እያየ ይታዘበኛል' አለኝ።»

ስታሜና በሩን ዘጋችለት። ስሬተን «አመነ?» ሲላት «መስከሩን» አለችው።

ዝላቲያ የከተማው ሙዚየም ሠራተኛ ናት። በማግስቱ እሑድ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተነሣበት መቶኛ ዓመት ሊታሰብ፣ የወታደሮቹ ስም ሁሉ የተቀረጸበት አዲስ እብነ በረድ ሊመረቅ ነበርና ለዝግጅቱ ነው የመጣችው። አንድ ቦታ መቆም አቅቷት ጠጠሩን በጫማዋ ትገፋለች።

«እኔም ተጣልቼዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ልንገርሽ። ድንጋዩን ሙዚየም ላስገባው ስለው 'ሙዚየም ውስጥ የትኛው መንገደኛ ያልፋል?' ብሎ አባረረኝ። ትናንት ግን ራሱ ደወለ። 'ነይና እዪ፣ ሚሉን የደበቀንን ነገር አግኝቻለሁ' አለኝ። ሥራ ይዞኝ ቀረሁ።»

«ይሄን ነጭ ቀለም እሱ ነው የቀባው?»

ዝላቲያ ጎንበስ ብላ አየች፤ ፊቷም ተኮሳተረ። «በፍጹም! እሱ ከመቀባቱ በፊት አሮጌውን እስከ ድንጋዩ ድረስ ይፍቃል። ፊደሎቹን እንደ ሕፃን ጥርስ ነበር የሚያጸዳቸው። ይሄ ሰው ፊደሉን ሊደፍነው ነው የለቀለቀው።»

ስታሜና ከቪቶሚር ሣጥን ጨርቅና ጋዝ አንሥታ ቀለሙን በቀስታ ጠረገችው። ዓመቱ ብቅ አለ። የስሙና «እናቱ አቆመችለት» የሚለው ጽሑፍ ፊደላት ጥልቅና ሰፊ ናቸው፤ የዓመቱ ቁጥር ግን በቀጭን መሮ ላይ ላዩን የተጫረ ነው።

«ሌላ እጅ ነው» አለች ዝላቲያ ትንፋሿን ሰብስባ። «ብዙ ዘግይቶ የተቀረጸ። መጀመሪያ ላይ ባዶ ነበር ማለት ነው።»

«ዓመቱ ባዶ የሚተወው መቼ ነው?»

«ይሄንማ አንቺም ታውቂዋለሽ» አለች ዝላቲያ። «ሰውየው በሕይወት እያለ ድንጋዩ ሲቆም።»

ስታሜና ታውቀዋለች። በፕሬድራግ ድንጋይ ላይ የእሷም ስም ተቀርጿል፤ ዓመቷም ባዶ ነው።

ግቮዝደንን ያገኘችው በመንደሩ አዳራሽ ነው። በጨርቅ በተሸፈነው እብነ በረድ ዙሪያ ይመላለሳል፤ ጨርቁን ያስተካክላል፤ መልሶ ያስተካክላል።

«ተቀመጡ እንጂ፣ አባባ።»

«መቀመጥ አስጠልቶኛል፣ ልጄ። አበልጄን እኮ ነው ያጣሁት! ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ ቪቶሚር ነው። ከወንድም ይበልጣል።»

«ነገ የአያትዎ የሚሉን ስም ከሁሉ በላይ ነው የሚነበበው አሉ።»

«በሰሎኒክ ግንባር የወደቀ ጀግና ነው። ትምህርት ቤቱም በስሙ ሊጠራ ነው። አባቴን አራስ ጥሎት ነው የሄደው። እኛ ቤት ያለን ሀብት እሱ ነው።»

«ቪቶሚርንስ ትናንት አይተውት ነበር?»

«የት አይቼው! ቀኑን ሙሉ እዚሁ ስለፋ ነበር። ያ ሰካራም ነው የጨረሰው፤ ሌላ ማን አለ?»

«ከልብ ይዋደዱ ነበር ማለት ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ቆጣ ብሎ። «በየዓመቱ በዚህ ቀን አራት ጧፍ አበራለሁ። ታች ለአባቴና ለእናቴ፤ ላይ ኦስትሪያ ላለው ልጄና ለአበልጄ። አንድ ዓመት ዘልዬ አላውቅም። ጠይቂ!»

«ዛሬ ጠዋትም?»

«ዛሬም እንደ ወትሮው፤ ሁለት ታች፣ ሁለት ላይ። ያኔ መሞቱን መች አወቅሁና?»

ስታሜና «ከድንጋዩ ዘንድ እንገናኝ» ብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሚሉን ድንጋይ ፊት ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል። ነፋሱ የዝላቲያን ሻሽ ይጎትታል። ነቦይሻ እጁ በካቴና ታስሮ በየጊዜው ወደ ቤቱ ጭስ ማውጫ ያያል። ግቮዝደን ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው ይለዋወጣል።

«ቶሎ በይ፣ ልጄ፤ ነገ እንግዳ አለብን» አለ።

«ከጧፉ ልጀምር» አለች ስታሜና። «ሰው ያለ ጧፍ እንዲሞት ማንም አይፈልግም። ለዚህም ነው እያጣጣረ ላለ ሰው በእጁ የምናስይዘው። ቪቶሚርን የገፋው ሰው ጥሎት አልሸሸም። ቆቡን አንተርሶታል፤ ጧፍ ለኩሶ አስይዞታል፤ ዓይኑን ከድኖለታል። ይሄ የሚወደው ሰው ነው።»

«ነቦይሻም ይወደው ነበር» አለ ስሬተን።

«ይወደው ነበር። ግን ድንጋዩን ሊገለብጥ ለሚፈልግ ሰው ዓመቱ ተነበበ አልተነበበ ምኑ ነው? ዝላቲያ ደግሞ ፊደል ከምትደፍን እጇን ብትቆርጠው ይቀላታል። ዓመቱ እንዳይታይ የሚፈልገው በዚያ ዓመት የሚያፍር ሰው ነው። ቪቶሚር አሮጌውን ቀለም ሲፍቅ የሚሉን እናት ድንጋዩን ስታቆም ዓመቱን ባዶ እንደተወችው ደረሰበት። ልጇ አልሞተም ነበር። ሳይመለስ የቀረው በሌላ ምክንያት ነው።»

«ዝም በይ!» አለ ግቮዝደን።

«ትናንት አላየሁትም አሉኝ። ሁለት ጧፍ ላይ ተከልኩ አሉኝ። አባባ፣ ጠዋት ከኋላዎ ተሰልፌ ነበር። ላይ የተከሉት አንድ ነው፤ ለልጅዎ። አራተኛውን ወደ ላይ ሰነዘሩት፤ እጅዎ ልማዱን ያውቃላ። ከዚያ ለሞተ ሰው በሕያዋን አሸዋ ላይ ማብራት ከበድዎት፤ አወረዱት። በዚያ ሰዓት የቪቶሚርን መሞት በመንደሩ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ ያውቅ ነበር።»

ግቮዝደን መመላለሱን አቆመ። ከአዳራሹ ጀምሮ ረግቶ ሲቆም ያየችው ያኔ ብቻ ነው።

«ከግንባር ከድቶ ግሪክ አገር ቀረ» አለ በመጨረሻ። «እዚያ ሌላ ሚስት አገባ። አያቴ ነገረችው ለአባቴ፤ አባቴ ለእኔ። ቅድመ አያቴ፣ እናቱ፣ ሞቷል ብላ ድንጋይ አቆመች፤ ዓመቱ ላይ ሲደርሱ ግን 'ተዉት' አለች። ኋላ አባቴ ቀረጸው። ትናንት ለቪቶሚር ለመንኩት። ጉልበቱ ላይ ወደቅኩ። 'ቀባውና ዝም በል፣ አበልጄ' አልኩት። 'የሚሉን ስም ከሞቱት መሐል አይገባም፤ የነሱ እናቶች ዓመቱን ቀርጸዋል' አለኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ። ልግደለው ብሎ የሚገፋ ሰው እንደዚያ አይገፋም።»

«አምንዎታለሁ» አለች ስታሜና።

«እንግዲያው የእግዜር ቁጣ ነው እንጂ...»

«አባባ፣ የሞተ እጅ ጧፍ አይጨብጥም።» ድምፅዋን አላነሣችም። «ጧፉን ሲያስይዙት ቪቶሚር ይተነፍስ ነበር። አጥብቆ ያዘው። ነድዶ እስኪያልቅ አጠገቡ ተቀመጡ።» በእጇ ከመንገዱ ማዶ አመለከተች። የጤና ጣቢያው ነጭ ግድግዳ ከፕሪም ዛፎቹ መሐል ይታያል። «ከዚህ ቢጣሩ ይሰሙ ነበር።»

ግቮዝደን ወደ ነጩ ግድግዳ አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ሁለት እጁን ለስሬተን ዘረጋ። ስሬተን ካቴናውን ከነቦይሻ እጅ ለመፍታት ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጣለው።

«ምን ቆመሃል?» አለችው ስታሜና ነቦይሻን። «ሂድ፣ እናትህን አገላብጣት።»

ሮጠ።

እሑድ እብነ በረዱ ከነጨርቁ ዋለ። እንግዳም አልመጣም። ሰኞ ቪቶሚር ሲቀበር ነቦይሻ ሳይሰክር ቆሞ አፈር መለሰ፤ ከቀብር በኋላም ዝላቲያ ብሩሾቹን ከሣጥኑ አውጥታ «የወታደሩን ዓይኖች ልጨርስለት ይሆን?» አለች። ነቦይሻ ባዶዎቹን ነጭ ዓይኖች አይቶ «ተይው፤ ካየ ይታዘበናል» አላት። ስታሜና ብሩሾቹን አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው።

ትራክተሩ ዛሬም በዚያ መግቢያ አይዞርም። ድንጋዩ መንገዱ ዳር ቆሟል፤ ልብሱ ሰማያዊ ነው፤ ጉንጩ ቀይ ነው። ዓይን የለውም።