ሞቆ የፈሰሰ ዘይት

አጋዘን አርቢው ማህቴ የተገኘው በበረዶ ላይ ከሚነዳው ሞተሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በረዶው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጓንቱን አውልቆ ጎኑ አስቀምጦታል። ብርድ ሊገድል ሲል መጀመሪያ ያሞቃል። ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ነበር።

ፖሊሷ ሪስተን ሬሳውን አይታ ወደ ሞተሩ ተመለሰችና ተንበረከከች። ሰንሰለቱ ተበጥሷል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ቤት ውስጥ የዘይት ጠብታ የለም፤ ከሥሩ ያለው የዘይት መውጫ ቡሎንም የለም።

«ዘይቱን ረቡዕ ዕለት የቀየረችው ላይላ ናት» አለ ሬሳውን ያገኘው ወንድምየው ኒላስ፣ መሬት መሬት እያየ።

ላይላ የማህቴ ምራት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከአማቶቿ ጋር ትኖራለች። ሪስተን ስትደርስ አማትየዋ ኢንጋ የልጆቹን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ትወረውር ነበር።

«ሐሙስ በእግሩ ወጣ፣ አርብ በቃሬዛ መጣ!» አለች ኢንጋ። «አንዲት ቡሎን ማጥበቅ ያቃታት እጅ ከእንግዲህ በቤቴ ዳቦ አይቆርስም። ትውጣልኝ!»

ሪስተን ላይላን ወደ ጋራዡ ወሰደቻት። «ያደረግሽውን ንገሪኝ።»

«ሞተሩን አስነስቼ አሞቅሁት። ዘይቱ ካልሞቀ አይወርድም። ቡሎኑን ፈትቼ አሮጌውን በባልዲ ተቀበልኩ። የቡሎኑ ጫፍ ማግኔት ነው፤ የሰንሰለቱን ብናኝ ይይዛል። በጨርቅ ጠርጌ፣ አዲስ የማሸጊያ ጎማ አድርጌ፣ አጥብቄ፣ አዲሱን ዘይት ሞላሁ።»

«አጥብቀሻል?»

«አጥብቄያለሁ!»

«ሐሙስ ወዴት ነበር የሚሄደው?»

ላይላ የጋራዡን በር ዘጋችው። «ጆሮ ሳይያዝ ሰው ሌባ አይባልም፣ እትዬ።»

ሪስተን ከቦርሳዋ የደረቀ የአጋዘን ግልገል ጆሮ አወጣች። የአጋዘን ባለቤት የሚታወቀው ጆሮው ላይ በተቆረጠ ምልክት ነው፤ በዚህኛው በማህቴ ምልክት ላይ ሌላ ምልክት ተጀምሮ ተትቷል። «ይኸው ጆሮው። ከማህቴ የደረት ኪስ ነው ያገኘሁት።»

«እንግዲያው ልናገር» አለች ላይላ። «የግልገሎቼ ሌባ ከመንጋ ጎረቤታችን ከአስላትና ከገዛ ወንድሜ ከኒላስ አንዱ ነው አለኝ፤ ማንኛቸው እንደሆነ ግን አላወቀም። ሰው ፊት ሳላዋርደው ራሱ ይንገረኝ ብሎ ወደ መንጋው ጎጆ ሄደ።»

ሪስተን የማህቴን ዱካ ከቤቱ ተከትላ እስከ ጎጆው ሃያ ኪሎ ሜትር ነዳች። ነፋስም አዲስ በረዶም አልነበረም፤ መንገዱ እንደ ታጠበ አንሶላ ነጭ ነው። ጎጆው ደጃፍ፣ የማህቴ ሞተር ቆሞበት የነበረውን ቦታ በእግሯ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ከላይ የተረጨ በረዶ አለ። ከሥሩ ጉድጓድ፤ ዘይት በረዶውን እያቀለጠ እስከ ቁጥቋጦው ሥር ወርዷል።

ከጎጆው በስተሰሜን ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቃ ቡሎኑን የማህቴ ሞተር ዱካ ላይ አገኘችው። ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችውና በወረቀት ጠቀለለችው።

አስላት ጎጆው ውስጥ ቢላውን የሚስልበትን ሞረድ ኪሱ ከቶ ሾርባ ቀዳላት። «ማህቴ እንደደረሰ እሱ እሳት ሲሞቅ እኔ ለውሻው ዓሣ ልስጥ ብዬ ወጣሁ። ኒላስ የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። የሰው ስም ማጥፋት አልወድም፣ እህቴ፣ ግን በመስኮት ሳየው ሞተሩ ሥር ተንበርክኮ ነበር።»

ኒላስ አልካደም። «ተንበርክኬያለሁ! ወንድሜ ሞተሩን ሲያቆም እንዳይበርድበት ቆዳ ያለብሰዋል። ቆዳው መሬት ወድቆ አገኘሁትና መለስኩለት። ብረቱ እንደ ድንጋይ በርዶ ነበር።»

እሑድ ቀትር ላይ ሪስተን ሁሉንም በኢንጋ ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። ላይላ በሩ ጥግ ቆመች፤ ማንም አጠገቧ አልቆመም።

«ቡሎኑ ከቤት የላላ ቢሆን» አለች ሪስተን፣ «እስከ ጎጆው ጠብታ ይኖር ነበር። አንድም የለም። ስለዚህ የተፈታው ጎጆው ደጃፍ ነው።»

«ኒላስ ነዋ!» አለ አስላት።

ሪስተን ውጭ ሁለት ሰዓት ያቆየችውን የዘይት ጣሳ አምጥታ ዘነበለችው። ዘይቱ ከጣሳው አፍ እንደ ማር ተንጠለጠለ፤ አልወረደም።

«ያው ዘይት ነው። ኒላስ ሲደርስ እንዲህ ሆኖ ነበር። ጎጆው ደጃፍ የፈሰሰው ግን በረዶ አቅልጦ ጉድጓድ ቆፍሯል። የተፈታው ትኩስ ሳለ ነው፤ ማህቴ እንደደረሰ፣ አንተ፣ አስላት፣ ለውሻ ዓሣ ልስጥ ብለህ ስትወጣ። ቆዳውን ገፍፈህ ፈታህ፣ በረዶ ረጨህበት፣ ቆዳውን መመለስ ግን ረሳህ።»

«ወሬ ነው!»

«ቡሎኑ እየሄደ የወደቀ ቢሆን ማግኔቱ ላይ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ብናኝ ነበር የሚገኘው። ይኸው፣ እዩት፤ የሚያብረቀርቅ የሞረድ ብናኝ ነው። ማህቴ እስኪሄድ ሦስት ሰዓት ሞረድ ካለበት ኪስ ውስጥ ቆይቶ፣ ኋላ ዱካው ላይ ተጥሏል። ኪስህን ገልብጥ፣ አስላት።»

አልገለበጠም። ኒላስ ክንዱን ያዘውና ገለበጠለት። ሞረዱ ወለሉ ላይ ጮኸ፤ ብናኙ ተከትሎት ረገፈ።

«ሞተሩ መንገድ ላይ እንዲቆምበት ብዬ ነው» አለ አስላት። «ለመንጋው ሽማግሌዎች ሳይነግር የሰረቅኳቸውን ግልገሎች አሸሻለሁ ብዬ። ይሞታል አላልኩም።»

«ማህቴን መንጋው በሰሜኑ ሐይቅ አልፏል ብለህ ወደዚያ የላክኸው አንተ ነህ፤ ኒላስ ሰምቷል። መንጋው ደቡብ ነበር። በዚያ ብርድ፣ ሰው በማያልፍበት መንገድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ስትልክ ምን ይሆናል ብለህ ነበር?»

ሪስተን አስላትን ይዛ ወጣች፤ ኒላስም ተከተላት።

ጋራዡ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። ኢንጋ ወደ ላይላ ቀረበች።

«ልጄ፣ የትም አትሄጂም።»

«አጥብቄያለሁ ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

«ትናንት ግን ራሴም ማመን አቆምኩ» አለች ላይላ። «ልጆቼን ሳለብሳቸው እጄን አየሁት፤ የነፍሰ ገዳይ እጅ መሰለኝ። ያንን ከውስጤ ምን አድርገሽ ታወጪልኛለሽ፣ እማ?»

ኢንጋ የላይላን እጅ ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ላይላ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀችው።